የወረቀቷ «ኢትዮጵያ»፦ ምላጩ ከመነሣቱ በፊት

ጠጋ በሉ፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ልንገራችሁ። በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠች የወረቀት መርከብ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀን «ስንት ጊዜ ፈጀ?» ብሎ ነው። ለእንግዳ የሚሆን መልስ አናጣም። እኛ ሠሪዎቹ እርስ በርስ ስንገናኝ የምንጠያየቀው ግን ሌላ ነው፦ «የስንት ዓመተ ምሕረቷን ነው የሠራኸው?»

ይህን ጥያቄ መመለስ ያልቻለ ሰው ሞዴሉ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራውን ገና አልጀመረም። ምላጭ ከመነሣቱ፣ ኮላ ከመከፈቱ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ፤ ከመስታወቱ ውጭ ቆሞ ለሚያይ ሰው ፈጽሞ አይታይም። ዛሬ በተለይ ስለ እሱ ነው የማወራችሁ።

ለምሳሌ የምወስደው ልቤ የሚወዳትን መርከብ ነው፤ ኤ-01ን፣ «ኢትዮጵያ»ን። የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ ነበረች። የባሕር ኃይሉ ዕጩ መኮንኖች ከመማሪያ ክፍል ወጥተው ባሕርን በእውኑ የተማሩት በእሷ ላይ ነው። ርዝመቷ 94.7 ሜትር፣ ወርዷ 12.5 ሜትር ገደማ። በ1፡250 ስኬል ስትሠራ ወደ 38 ሴንቲ ሜትር ትጠጋለች፣ ወርዷ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የመጽሐፍ መደርደሪያ ይበቃታል። ነገር ግን «ኢትዮጵያን እሠራለሁ» ብሎ የተነሣ ሰው አንድ ብረት በተለያየ ዘመን ሦስት መርከብ ሆኖ እንደኖረ ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያዋ ኦርካ ናት። ሲያትል አጠገብ ባለው ሂውተን በሚባል ቦታ፣ በሌክ ዋሽንግተን የመርከብ ማምረቻ እ.ኤ.አ. በ1942 ውኃ ነካች፤ በ1944 የአሜሪካን ባሕር ኃይል አገልግሎት ጀመረች። ሥራዋ ውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን መንከባከብ ነበር፤ ነዳጅ ትሞላቸዋለች፣ ትጠግናቸዋለች፣ አብራሪዎቻቸውን ታሳድራለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊሊፒንስ ዙሪያ ያገለገለችው በዚህ ሥራ ነው። ጦርነቱ ከሰማይ በሚመጣ ጠላት የተሞላ ስለነበር የዚያን ጊዜ ወለሏ በፀረ አውሮፕላን መድፍ የተጨናነቀ ነው።

ሁለተኛዋ በ1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በጥር 1962) ለኢትዮጵያ የተሰጠችውና ስሟ የተለወጠው መርከብ ናት። አውሮፕላን መንከባከቡ ቀረ። ለአብራሪዎችና ለጥገና ባለሙያዎች የተሠራው ሰፊ መኝታ ግን ለሥልጠና መርከብ የሚመች ሆኖ ተገኘ፤ ለዕጩ መኮንኖች ቦታ ያላት መርከብ ለምጽዋው የባሕር ኃይል ጣቢያ ትልቅ ሲሳይ ነበረች። የንጉሡ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ባሕር ኃይሉን በመሩበት ዘመን ወደብ ላይ ስትታይ የአገር ኩራት ይዛ ነው።

ሦስተኛዋ የደርግ ዘመኗ ናት፤ መጨረሻዋንም የያዘችው እሷ ናት። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ስትገባ ባሕር ኃይሉ ዋና ቤቱን አጣ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መርከቦቹ ቀይ ባሕርን አቋርጠው ወደ የመን ሲሸሹ «ኢትዮጵያ»ም ከእነሱ ጋር ነበረች። እዚያው ቆማ ዛገች፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ሄዶ የሚነካት ሰው የለም። ሙዚየም ሆና የቀረች አይደለችም፤ ከባሕር በታች ሰጥማም አትጠብቀንም። ከሃምሳ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ያላት መርከብ መቁረጫና ምድጃ በልቷት አልቃለች።

እንግዲህ የየትኛዋን ልትሠሩ ነው? ጥሩ ጥሩ እጅ ያላቸው ሰዎች የሠሯቸውን ሞዴሎች አይቻለሁ፤ መድፉ የእ.ኤ.አ. 1945፣ ምሰሶው የ1970ዎቹ፣ ጎኗ ላይ የተጻፈው ቁጥር የኢትዮጵያ። እንዲህ ያለች መርከብ በአንድም ቀን በምድር ላይ ኖራ አታውቅም። ተመልካቹ አያውቅባቸውም፤ አለማወቁን ተማምኖ መሥራት ግን መዋሸት ነው። የሚሻለው አንድ ዓመት መርጦ፣ ቢቻል አንድ ወቅት መርጦ፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ የቱንም ያህል ቢያምር መተው ነው።

ማስረጃ የምናገኝበትን መንገድ ደግሞ ልንገራችሁ፤ ይህን ብዙዎቻችን እንደ ሙያ ምስጢር ደብቀን ነው የምንይዘው። ዓይነቷ ባርኔጋት ይባላል፤ በዚህ ንድፍ 35 መርከቦች ተሠርተዋል። የአንዷ ዝርዝር ሲጠፋ የእህቷን ማየት ይቻላል፤ ለአካሏ መስመርና ለጎኗ ቅርጽ እህቶቿ አፍ ናቸው። ወጥመዱም እዚያው አለ። 18ቱ ለአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ተሰጥተው ለአየር ጠባይ ምልከታና ለነፍስ አድን ሥራ ተለውጠዋል፤ በየመጽሔቱ የሚገኙት የተዋቡ ፎቶዎች ብዙዎቹ የእነሱ ናቸው። እነሱን አይቶ «ኢትዮጵያ»ን የሠራ ሰው የሌላ ቤት ልጅ አሳድጎ የራሱ እንደሆነ ይናገራል።

ስለዚህ ከእህት መርከብ የምንወስደው ከውኃ መስመር እስከ ዋናው ወለል ያለውን ነው፤ መርከብ ሲታደስ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ አይነካም። ከወለሉ በላይ ያለው፣ ማለትም ምሰሶው፣ መድፉ፣ ጀልባው፣ አንቴናው፣ የሚመጣው ከራሷ ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶ ስንል ደግሞ ባሕር ኃይሉ ራሱ ያስነሣውን የጥሩ ቀን ፎቶ ብቻ አይምሰላችሁ። እውነተኛው ሀብት ያለው በሰው አልበም ውስጥ ነው። ነጭ የደንብ ልብስ የለበሰ ወጣት መርከበኛ ወለሉ ላይ ቆሞ ለእናቱ የሚልከውን ፎቶ ይነሣል። እናቱ የምታየው ልጇን ነው፤ እኛ የምናየው ከትከሻው በስተኋላ ያለውን በር፣ የበሩን ማጠፊያ፣ በግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን የእሳት ማጥፊያ ቱቦ ነው። ልጁም ይጠቅመናል፦ የአዋቂ ወንድ ቁመት 1.70 ሜትር ገደማ ነው ካልን እሱ ራሱ ማስመሪያ ይሆንልናል። በሩ ከእሱ በምን ያህል ይበልጣል፣ መከላከያ አጥሩ ወገቡ ላይ ነው ወይስ ደረቱ ላይ? ከዚያ ሁሉን በ250 ማካፈል ነው። ልጁ ራሱ በእኛ ስኬል 7 ሚሊ ሜትር አይሞላም።

መድፍም ማስመሪያ ነው። ባለ 127 ሚሊ ሜትሩ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መድፍ የታወቀ ነገር ነው፤ የአፈሙዙ ርዝመት የአፉ ስፋት 38 እጥፍ ነው፣ 4.83 ሜትር። በሞዴላችን 1.9 ሴንቲ ሜትር። ፎቶ ውስጥ መድፉ ጎኑን ሰጥቶ ከታየ አጠገቡ ያለውን ሁሉ በእሱ መለካት ይቻላል።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንሂድ።

ለምን ወረቀት? ብዙ ሰው ወረቀትን የልጆች ነገር አድርጎ ያያል፤ ታሪኩ ግን የችግር ዘመን ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንጨትና ብረት ሲጠፋ በእንግሊዝ ማይክሮሞዴልስ የሚባሉ በፖስታ ካርድ መጠን የታተሙ ሞዴሎች ተሸጡ። ከጦርነቱ በኋላ በጀርመን ወደብ ከተማ በቪልሄልምስሃፈን የታተሙት የመርከብ ሉሆች 1፡250ን የሙያው ልማድ አደረጉት። በፖላንድ ከእ.ኤ.አ. 1957 ጀምሮ የወጣው «ማዊ ሞዴላሽ» የተባለው መጽሔት ደግሞ በርካሽ ዋጋ ለወጣቱ ሁሉ መርከብና አውሮፕላን አደረሰ። እኔ በዚህ የማምነው አንድ ነገር አለ፦ ለመገጣጠም ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ኪት የሌላት መርከብ፣ ማለትም እንደ «ኢትዮጵያ» ያለች የእኛ መርከብ፣ በወረቀት ካልሆነ አትመለስም። ፕላስቲክ ፋብሪካ ይፈልጋል። ወረቀት የሚፈልገው ኮምፒውተር፣ ማተሚያና የሚታገስ ሰው ነው።

አሁን መስታወቱ የሚደብቀውን ልግለጥ። የወረቀት መርከብ ውስጧ ባዶ አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ካርቶን የተቆረጠ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ አከርካሪ አላት፤ በእሱ ላይ የጎድን አጥንቶች በስንጥቅ ይሰካሉ፤ ከታች በውኃው መስመር ልክ የተቆረጠ መሠረት ይጣበቃል። ይህ አጽም ነው የመርከቧ ዕጣ ፈንታ። ትንሽ ከተጣመመ ጎኗን የቱንም ያህል በጥንቃቄ ብትለጥፉ መርከቧ አንገቷን አዙራ ትቀራለች። ስለዚህ የመስታወት ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ክብደት ተጭኖበት ነው የሚደርቀው፤ የጎን ወረቀት ስንለጥፍም አንዱን ጎን ጨርሰን ወደ ሌላው አንሄድም፤ ከግራ ትንሽ፣ ከቀኝ ትንሽ እያልን ነው። ኮላ ሲደርቅ ይስባል፤ በአንድ በኩል ብቻ ከሳበ አጽሙን ያጣምመዋል።

በውኃው መስመር ላይ ለምን እንቆርጣታለን? ተመልካች «ውኃ ላይ እንድትመስል ነው» ይላል፤ አባባሉም ልክ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ይህ ነው፦ ወረቀት ወደ አንድ አቅጣጫ እንጂ በአንድ ጊዜ ወደ ሁለት አቅጣጫ አይታጠፍም። ቱቦ ይሆናል፣ ሾጣጣ ይሆናል፣ ኳስ ግን አይሆንም። የመርከብ ሆድ ደግሞ በሁለት አቅጣጫ የሚጎብጥ ነው። ከውኃ በታች ያለው 4 ሜትር ገደማ ጥልቀት በእኛ ስኬል 1.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የሥራውን ትልቁን መከራ የያዘው ግን ያ ነው። እሱን ስናስቀር ግማሹ ፈተና ይቀንሳል። የሚቀረው የፊቷ ሰፋ እያለ የሚወጣው አፍንጫና የኋላዋ ክብ ጫፍ ነው፤ እነሱን ወረቀቱን በቀጫጭን ምላሶች ቆርጠን ጠርዝ ለጠርዝ በማጋጠም እናልፋቸዋለን። እውነተኛውን መርከብ የሠሩ ብረት ቀጥቃጮችም ከዚሁ ችግር ጋር ታግለዋል፤ አብዛኛው የጎን ብረት ወደ አንድ አቅጣጫ ተጠቅልሎ ሲገጠም የፊትና የኋላ ጥቂት ሳህኖች ግን በእሳት ግለው ነው ቅርጽ የያዙት። ስለዚህ የወረቀት ሞዴል የብረት መርከብን አሠራር ከእንጨት ሞዴል ይልቅ በቅርብ ይከተላል ብዬ አምናለሁ።

ወረቀትም እንደ እንጨት መስመር አለው። በመስመሩ ሲጠቀለል እሺ ይላል፣ በተቃራኒው ይሰበራል። ምሰሶና የመድፍ አፈሙዝ ለመጠቅለል ከመቁረጣችሁ በፊት ከዚያው ወረቀት ቁራጭ ወስዳችሁ በሁለቱም በኩል ጎንበስ አድርጉት፤ በቀላሉ የሚታዘዝበት መስመሩ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ጥፋቱን እጁ ላይ ያሳብባል። በአዲስ አበባ ክረምት ደግሞ አየሩ ራሱ ወረቀቱን ያሳብጠዋል፤ ረጃጅሞቹን የጎን ወረቀቶች ለበጋ ማቆየት ብልህነት ነው። ውኃ ያለበት የአናጢ ነጭ ኮላ ለትናንሽ ነገሮች በመርፌ ጫፍ ይበቃል፤ በሰፊ ወለል ላይ ግን ወረቀቱን ያጨማድዳል። ለሰፊው በቱቦ የሚሸጠውንና ሽታ ያለውን ማጣበቂያ መስኮት ከፍቶ መጠቀም ይሻላል። በቤት ውስጥ የቀለም ማተሚያ የታተመ ከሆነ ሳይቆረጥ በፊት የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይነፋበታል፤ አለበለዚያ የጣት ወዝ ብቻ ቀለሙን ያነሣዋል።

ሞዴልን የሚያጋልጠው ግን ነጩ ጠርዝ ነው። ወረቀት ሲቆረጥ ውስጡ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ግራጫ መርከብ ላይ በየማዕዘኑ ነጭ መስመር ማለት «ወረቀት ነኝ» ብሎ መጮህ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ከመለጠፉ በፊት ጠርዙ በውኃ ቀለም ይቀባል። አሰልቺ ነው፤ ማንም አያመሰግናችሁም። እኔ ግን ሌላ ሰው የሠራውን ሞዴል ሳይ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፤ ሠሪው ለማይታየው ነገር ምን ያህል እንደሚጨነቅ እዚያ ይነበባል።

ስለ ውፍረትም ላንሾካሹክላችሁ። የምንጠቀመው ጠንከር ያለ ወረቀት ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በ250 ሲባዛ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የእውነተኛዋ በር እንዲህ ወፍራም አልነበረም። ስለዚህ ቀጭን ነገር ሁሉ፣ በር፣ የአጥር ዘንግ፣ የባንዲራ ገመድ፣ በስኬል ልክ ሊሠራ አይችልም። ሁሉን ነገር አጥብቆ ለማስገባት መሞከር መርከቧን ያከብዳታል፤ ልምድ ያለው ሠሪ ምን እንደሚተው ያውቃል። እኔ የምተወው በአንድ ሜትር ርቀት ላይ የማይታየውን ነው። አጥሩን በቀጭን ክር በሰም አሽቼ እሠራዋለሁ፤ ሰም ያልነካው ክር ጸጉር ያበቅልና በስኬሉ ሲታይ መርከቧን ሣር የበቀለባት ያስመስላታል። የማልተወው ደግሞ የመርከቧን ሕይወት የሚናገረውን ነው።

ለኦርካ ይህ የኋላዋ ክሬን ነው፤ አውሮፕላን ከውኃ የምታነሣበት። የእ.ኤ.አ. 1945ዋን ለሚሠራ ክሬን የሌላት ኦርካ ሥራዋን የተቀማች መርከብ ናት። ለ«ኢትዮጵያ» ደግሞ ሸራው ነው። ምጽዋ በዓመት አማካይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠጋ ወደብ ነው፤ ወደብ ላይ የቆመች የብረት መርከብ ወለሏ ላይ ጥላ ካልተዘረጋ በስተቀር ሰው አይቆምባትም። ወደብ የቆመችውን ከሠራችሁ ሸራውን ዘርጉላት፤ ባሕር ላይ ያለችውን ከሠራችሁ አጥፉት። የቀድሞ መርከበኞች ሞዴል ፊት ሲቆሙ መድፉን አልፈው እንዲህ ያለውን ነገር ይፈልጋሉ፤ ጥላው የት ነበር፣ መሰላሉ በየት በኩል ይወርድ ነበር፣ የውኃ በርሜሉስ? በሥራው ላይ ከመጽሐፍ ይልቅ የማምነው እነሱን ነው። መጽሐፍ የመርከቧን ቶን ይነግረኛል፤ እነሱ ግን ጠዋት የትኛው ወለል ቀድሞ ፀሐይ እንደሚያገኘው ያውቃሉ።

ቀለሟን በተመለከተ አጭር ምክር፦ ከጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ቀለም አይነበብም፤ ባለ ቀለም ፎቶም ከዓመታት በኋላ ወደ ቀይ ይሸሻል። የደበዘዘውን ፎቶ ስታዩ ነጩን የደንብ ልብስ መነሻ አድርጉ፤ እሱ ነጭ እስኪሆን ድረስ አስተካክሉ፣ ከዚያ የመርከቧን ግራጫ አንብቡ። ያገኛችሁትን ቀለም ደግሞ ትንሽ አፍዙት። ሩቅ ያለ መርከብ በአየር ውስጥ ይፈዛል፤ 38 ሴንቲ ሜትር የሆነች መርከብ ማለት ሩቅ ያለች መርከብ ናት።

እንግዲህ ምስጢሩ ይህ ነው። እጅ ይማራል፤ ምላጭ ከሳምንት ሳምንት ይቀናል። የጎደለን ማስረጃ ነው። ኤ-01 ብረቷ ቀልጧል፤ ቤቷ የነበረው የምጽዋ ወደብ ዛሬ የሌላ አገር ነው፤ ባሕር ኃይላችንም ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደ አዲስ ከተቋቋመ ገና ጥቂት ጊዜው ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ ይህን የምታነቡ ሰዎች ሁሉ፦ አባታችሁ፣ አጎታችሁ ወይም አያታችሁ በባሕር ኃይሉ አገልግለው ከሆነ፣ አዲስ አበባም ሁኑ ባሕር ማዶ፣ አልበሙን አውጡ። ሰውየው በሕይወት ካሉ አጠገባቸው ቁጭ በሉና እያንዳንዱ ፎቶ የት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተነሣ ጠይቁ፤ መልሱን በእርሳስ ከጀርባው ጻፉ፤ የፎቶውን ዳር ለማሳመር ብላችሁ አትቁረጡት፣ እኛ የምንፈልገው ዳሩን ነውና። ቅጂውን ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ብትሰጡ ለሁላችንም ትደርሳላችሁ። ከኋላ በኩል የተነሣ ፎቶ ካላችሁ ደግሞ በተለይ እሱን አደራ፤ ሰው ሁሉ መርከብን ከፊት ነው የሚያነሣት።